የገባው ውሃ ሁሉ ይወጣል፦ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ውሃ የሚወራው ስለ አመጣጡ ነው። መጣ፣ አልመጣም፣ የእኛ ሰፈር ፈረቃ ሐሙስ ነው፣ ግፊቱ ደክሟል፣ ሮቶው አልሞላም። ስለ አወጣጡ ግን ማንሆል ገንፍሎ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ የሚናገር የለም። መሐንዲሶች ዕቅድ ሲያወጡ የሚነሡት ከአንድ ቀላል ስሌት ነው፦ ወደ ቤት ከሚገባው ውሃ 80 በመቶ ያህሉ ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል። የቀረው ይጠጣል፣ ከወጥ ጋር ይበላል፣ ይተናል፣ ጓሮ ይገባል። ስለዚህ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ አዲስ ውሃ ያገኘ ከተማ በዚያው ዕለት 80 ሺህ ሜትር ኩብ አዲስ ፍሳሽ አግኝቷል ማለት ነው። የውሃው ፕሮጀክት ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ በቴሌቪዥን ይታያል። የፍሳሹ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ፍሳሹ ግን በጀት አይጠብቅም፤ መንገዱን ራሱ ይፈልጋል።

ውሃ ማቅረብና ፍሳሽ ማንሣት አንድ ሥራ ነው። አንዱን ብቻ የሠራ ከተማ ሌላውን በበሽታ፣ በሞተ ወንዝና በተበላሸ የጉድጓድ ውሃ ይከፍለዋል። እንዴት እንደሚከፍለው ለማየት ከላይ ጀምሮ እስከ ታች መውረድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከላይ የሚወርድ፣ ከታች የሚገፋ

ከተማዋ የተዘረጋችው በተዳፋት ላይ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መሐል ከተማው 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ አቃቂ ሲደርሱ ወደ 2,100 ሜትር ይወረዳል። ይህ ቁልቁለት የከተማዋ ትልቁ ሀብትም ትልቁ ፈተናም ነው።

በ1880ዎቹ አጋማሽ የዳግማዊ ምኒልክ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አመጣ። ቧንቧው ወደ ሸለቆው ወርዶ ጉብታ ላይ ወዳለው ግቢ መልሶ ይወጣ ነበር። ውሃ ሽቅብ ወጣ ተብሎ ጉድ ተባለ፣ ተገጠመለትም። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ ስለ ነበር በተዘጋው ቧንቧ ውስጥ ከኋላ ያለው ውሃ ክብደት የፊተኛውን ይገፋዋል። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ፍሳሽ ላይ ስንደርስ የሚያስቸግረን የዚህ ተቃራኒ ነው።

በኋላ የመጡት ትልልቅ ምንጮችም ይህንኑ የቁልቁለት ጸጋ ተጠቅመዋል። በ1930ዎቹ ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ድሬ ተገደቡ። ሦስቱም ከመሐል ከተማው ከፍ ያሉ ወይም የሚስተካከሉ በመሆናቸው ውሃው አብዛኛውን መንገድ ያለ ብዙ ኤሌክትሪክ ይወርዳል። የእነሱ ችግር ሌላ ነው። የለገዳዲ ውሃ በክረምት ቡና በወተት ይመስላል። በጎርፍ ታጥቦ የሚገባው የሸክላ አፈር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በራሱ አይዘቅጥም፤ ወራት ቢቆይም ተንሳፍፎ ይኖራል። ማጣሪያው ላይ አሉምና መሰል ኬሚካል ተጨምሮበት ደቃቁ እየተጣበቀ እንዲከብድ ይደረጋል፣ ከዚያ ይሰምጣል፣ ከዚያ በአሸዋ ይጣራል፣ ከዚያ ክሎሪን ይገባበታል። የኬሚካሉ ወጪ የሚወሰነው ማጣሪያው ውስጥ ባለው ሠራተኛ ሳይሆን ከግድቡ በላይ ባለው ገበሬ ማሳ ነው። እርከን ያለው፣ ዛፍ የቀረለት ተዳፋት ጥርት ያለ ውሃ ይልካል፤ የተራቆተው ደለል ይልካል። ደለሉም ውሃ ማደፍረስ ብቻ አይደለም ሥራው፤ የግድቡን ሆድ ይሞላል።

የገጸ ምድሩ ውሃ ሕዝቡን አልደርስ ሲል ከተማዋ ፊቷን ወደ አቃቂ አዞረች። እዚያ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቆች መካከል ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ አለ። ዛሬ ከከተማዋ ውሃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከጉድጓድ ነው፤ ከጉድጓዱም ትልቁ ድርሻ ከዚሁ ከደቡብ በኩል ይቀዳል። ውሃው ጥሩ ነው፣ ማጣሪያም ብዙ አይፈልግም፤ ያለው ግን ታች ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃን፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 50 ጊዜ ሞልቶ፣ ከጉድጓዱ ጥልቀት ጭምር 400 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት በፊዚክስ ሕግ ብቻ 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የፓምፑ ብክነት ሲታከል 1.5 ይደርሳል። ይህ ለአንድ ሜትር ኩብ ነው፤ የሚገፋው ግን በቀን መቶ ሺዎች ሜትር ኩብ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃ የሚጠፋው፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ውሃው በነጋታው የሚደርሰው ለዚህ ነው። ባዶ የቀረው መሥመር እስኪሞላ፣ ማጠራቀሚያው ከፍ እስኪል ሰዓታት ይወስዳል።

እንግዲህ ካርታውን አስቡት። ከመጠጥ ውሃው ትልቅ ድርሻ ያለው ከአቃቂ ወደ ላይ ይገፋል። የከተማዋ ፍሳሽ ደግሞ በሙሉ፣ የተጣራውም ያልተጣራውም፣ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዝ ወደዚያው ወደ አቃቂ ይወርዳል። ጥልቁ ውሃ በላዩ ባሉት የድንጋይና የሸክላ ንብርብሮች በመጠኑ ተከልሏል። ድንጋዩ ግን ስንጥቅ አለበት፤ ውሃው እንዲህ በብዛት የተገኘውም በእነዚያው ስንጥቆች ምክንያት ነው።

ቱቦው ባዶ ሲሆን

ሁሉም የሚመረት ውሃ ሰው ዘንድ አይደርስም። ተመርቶ ገንዘብ የማይሰበሰብበት ውሃ በአዲስ አበባ ከሚመረተው ሲሶና ከዚያም በላይ እንደሆነ በተለያዩ ጊዜያት ተዘግቧል። ከፊሉ በቆጣሪ ስሕተትና በሕገወጥ መሥመር የሚጠፋ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ አስፋልት ሥር ዝም ብሎ የሚፈስ ነው። በሌላ አነጋገር ከሦስት አዳዲስ ጉድጓዶች አንዱ የሚቆፈረው ለሚጠፋ ውሃ ነው።

ፍንጥቅ የሚታወቅበት አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ሰፈሩን በአንድ ዋና ቆጣሪ ብቻ እንዲመገብ አድርጎ መከለልና ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ያለውን ፍሰት ማንበብ ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ ቆጣሪው ከሮጠ የሚጠጣው መሬቱ ነው። ለአዲስ አበባ ግን ይህ ዘዴ እንዳለ አይሠራም፤ ሮቶ የሚሞላው ሌሊት ነዋ! በፈረቃ የሚኖር ሕዝብ ቧንቧውን ከፍቶ ይተኛል። ውሃው በመጣ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚቀዳ የመሥመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ጣሪያ ላይ አይደርስም፤ ሞተር ይገዛል፤ ሞተሩ ከጎረቤት ይስባል፤ ጎረቤትም ሞተር ይገዛል። ውሃ ሲያጥር እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ትንሽ የውሃ መሥሪያ ቤት ይሆናል። የሮቶ፣ የሞተርና የቦቴ ውሃ ወጪ ቢደመር፣ ለመሥሪያ ቤቱ ከምንከፍለው የወር ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ይህን ገንዘብ ግን ማንም በውሃ ታሪፍ ውስጥ አይቆጥረውም።

ከፈረቃው ድካም ይልቅ ለጤና የሚያሠጋው ቱቦው ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ነው። ውሃ በግፊት የተሞላ ቱቦ ቢፈነጠቅ ወደ ውጭ ይተፋል እንጂ ቆሻሻ አያስገባም። ግፊቱ ሲጠፋ ግን በዚያችው ፍንጥቅ በዙሪያው ያለውን እርጥብ አፈር ወደ ውስጥ ይስባል። የውሃው መሥመርና የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ጎን ለጎን በሆኑበት ሰፈር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አይከብድም። ውሃ ከመጣ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደው ዝገት የመሰለ ውሃ መፍሰስ ያለበት ለዚህ ነው። በውሃው ውስጥ እንዲቀር የሚደረገው ጥቂት ክሎሪንም፣ አንዳንዶች ሽታውን ቢያማርሩም፣ ለእንዲህ ያለው አደጋ የተቀመጠ ዘበኛ ነው። ሮቶ ውስጥ ቀናት ከቆየ ግን ዘበኛው ይሄዳል፤ ክሎሪን ይተናል። ሮቶን ማጠብ፣ ክዳኑንም መግጠም የቅንጦት ሥራ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2008 ክረምት መግቢያ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት፣ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። በሽታው የሚተላለፈው ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ሰው አፍ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ውሃ፣ እጅና ምግብ ናቸው። የውሃ አቅርቦት ብቻውን ይህን መንገድ አይዘጋም።

ፍሳሽ ሽቅብ አይወጣም

ወደ ኢልግ ቧንቧ እንመለስ። የውሃ ቱቦ የተሞላና የታፈነ ስለሆነ ኮረብታ ይወጣል። የፍሳሽ ቱቦ ግን ሆን ተብሎ ግማሽ ያህሉ ባዶ እንዲሆን ይነደፋል፤ አየር ይኖረዋል፣ በየመንገዱ ማንሆል ይከፈትበታል፣ ከየቤቱም ቅጥያ ይገባበታል። ግፊት የለውም። ስለዚህ ያለው ምርጫ ሁልጊዜ ቁልቁል መውረድ ብቻ ነው። ቁልቁለቱም ልክ አለው፤ ፍሰቱ ቢያንስ በሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልተጓዘ አሸዋውና ዝቃጩ ከታች ይቀመጣል፣ ቀስ በቀስም ይዘጋል። ሠራተኛው መሬት ውስጥ ቱቦ ሲዘረጋ በውሃ ልክ የሚጨነቀው ለዚህ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ሆድ የሠራ ቱቦ ለዘላለም የሚዘጋ ቱቦ ነው።

ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ዋና ዋና የፍሳሽ መሥመሮች የሚሄዱት የወንዞቹን ዳር ተከትለው ነው፤ ከዚያ የሚያንስ ቦታ የለምና። አዲስ አበባን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጡት ወንዞችና ጅረቶች ዳር ደግሞ ጥቅጥቅ ያሉ የድሆች ሰፈሮች የነበሩበት ነው። መሥመር ለመዘርጋት ከሰው ጋር መነጋገርን፣ ካሣን፣ አንዳንዴም ማንሣትን ይጠይቃል። ከ2011 ጀምሮ የተካሄደው፣ በሁለት ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደው የወንዝ ዳር ልማትም፣ በኋላ የመጣው የኮሪደር ልማትም መሬቱን ከፍተዋል። እኔ በግሌ አንድ የወንዝ ዳር ሥራን የምለካው በመብራቱና በአበባው አይደለም፤ ከአበባው ሥር የፍሳሽ መሥመር ተቀብሮ እንደሆነ ነው የማየው። የተዋበ ዳርቻ ከሽታ ጋር ብዙ ጎብኚ አይኖረውም።

ሁለተኛው ነገር ከፈረቃው ጋር ይያያዛል፤ ብዙ ሰውም አያስበውም። ውሃ በማይመጣባቸው ቀናት ሽንት ቤቱ በአንድ ኩባያ ውሃ ይለቀቃል። ወፍራሙ ነገር ቱቦው ውስጥ ይቀመጣል፣ የሚገፋው ውሃ የለም። ውሃ ማነስ ፍሳሹን ይዘጋዋል፤ የተዘጋው ፍሳሽ ይገነፍላል፤ የገነፈለው በፍንጥቅ በኩል ወደ ውሃው ቱቦ ይገባል። አዙሪቱ እንዲህ ነው የሚዞረው።

ሦስተኛው ክረምት ነው። በአዲስ አበባ የጎርፍ መውረጃውና የፍሳሽ መሥመሩ የተለያዩ እንዲሆኑ ነው የታቀዱት፤ ዝናቡ በቦይ ወደ ወንዝ፣ ፍሳሹ በቱቦ ወደ ማጣሪያ። በተግባር ግን የቤት ባለቤት የጣሪያውን አሸንዳ ወደ ፍሳሽ ማንሆል ያስገባል፤ ጎረቤቱ ደግሞ የሽንት ቤቱን መውጫ ወደ ጎርፍ ቦይ ይቀጥላል። ስሌቱን እንየው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 3 ሺህ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ቤተሰብ በሳምንት የማያወጣውን ውሃ ጣሪያው በአንድ ሰዓት ያወጣዋል ማለት ነው። መቶ ቤቶች እንዲህ ካደረጉ ለመቶ ቤት የታሰበው ቱቦ መያዝ አይችልም፤ የማንሆሉ ክዳን ተነሥቶ የሚዞረው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ላይ የሚፈሰው ዝናብ ይሁን ፍሳሽ የሚለየው በጠረኑ ነው። ክዳኑ ለብረት ተሰርቆ በነበረበት ቦታ ደግሞ ፌስታሉም ጭቃውም ተጨምሮበት ወደ ውስጥ ይገባል።

ቱቦ የማያገኛቸው

እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከፍሳሽ መሥመር ጋር የተገናኘው የከተማዋ ነዋሪ ከመቶ አሥር አይሞላም ነበር። ያ ድርሻ ከዚያ ወዲህ በኮንዶሚኒየሞቹና በአዳዲስ መሥመሮች አድጓል። ሆኖም እጅግ ብዙ ሰው ዛሬም የሚጠቀመው በጉድጓድ ሽንት ቤት ወይም በሴፕቲክ ታንክ ነው፤ ብዙውንም ጊዜ ለበርካታ ቤተሰብ በጋራ።

በጉድጓድ አላፍርም፤ በደንብ የተሠራና በጊዜው የሚመጠጥ ጉድጓድ ጥሩ መፍትሔ ነው። ችግሩ በጊዜው መመጠጡ ላይ ነው። የፍሳሽ ማንሻው መኪና ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ መተላለፊያው ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ሲሆን ጎማው ዋና መንገድ ላይ ይቆምና ቱቦው እየተቀጣጠለ ይጎተታል፤ ከተወሰነ ርቀት በላይ መሳቡ ይደክማል። ጉድጓዱ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ከተጣለ ደግሞ አፉ ይዘጋል። ተራው ይረዝማል፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ክረምት ይመጣል፣ ሌሊት ጎርፉ ሲበረታ አንዳንዱ ወደ ቦዩ ይለቀዋል። ሰውን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን መኪናው የማይደርስበትን ሰፈር በቅጣት አስተካክላለሁ ማለት አይዋጥልኝም።

የማይታየው ጉዳት ከታች ነው። ከጉድጓዱ የሚሰርገው ውሃ ጀርሞቹን አፈሩ እያጣራቸው ቢሄድም፣ በሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ናይትሬት ሆኖ ከውሃው ጋር ይጓዛል። በመሐል አዲስ አበባ ያሉ ጥልቀት የሌላቸው ምንጮችና ጉድጓዶች ሲመረመሩ የናይትሬት መጠናቸው ከፍ ብሎ፣ አንዳንዶቹም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 50 ሚሊ ግራም በሊትር አልፈው ተገኝተዋል። ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም። ማፍላት አይቀንሰውም፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስ ይበልጥ ይከማቻል። በተለይ በጡጦ ወተት ለሚመገብ ጨቅላ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ስለወጣ ብቻ ንጹሕ ነው ብሎ ማመን ከተማ ውስጥ ያከተመ ነገር ነው።

ቃሊቲ ውስጥ የሚሠራው ማን ነው?

የከተማዋ ትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያ ቃሊቲ ነው። ቦታው የተመረጠው ዝቅ ስለሚል ነው፤ ቱቦው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። በ1970ዎቹ የተሠራው የመጀመሪያው ማጣሪያ ተከታታይ ኩሬዎች ነበሩት፤ አቅሙም በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ያህል ነበር። በ2010 አካባቢ በዓለም ባንክ ድጋፍ ወደ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ከፍ ብሏል።

ፍሳሽ ሲባል ሰው የሚያስበው ወፍራም ነገር ነው። ከመቶው ከ99 በላይ የሚሆነው ግን ውሃ ነው። ሥራው በዚያች ቀሪ ቅንጣት ላይ ነው። ሲገባ መጀመሪያ የሚገጥመው የብረት ወንፊት ነው፤ ዳይፐር፣ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ፣ ፀጉር እዚያ ይቀራል። ከዚያ ፍሰቱ ቀስ እንዲል ተደርጎ አሸዋው ይሰምጣል። ቅባት ሌላ ጣጣ ነው። ከምግብ ቤት ትኩስ ሆኖ የወጣ የጥብስ ቅባት በአዲስ አበባ ሌሊት ቅዝቃዜ ቱቦው ውስጥ ይረጋል፣ ግድግዳውን እየያዘ ይወፍራል። ለዚህ ነው ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ቅባት ማስቀሪያ ጉድጓድ እንዲኖራቸው የሚጠየቁት።

ከወንፊቱ ወዲያ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ፍሳሹ ከታች ወደ ላይ እንዲወጣ በሚደረግበት ትልቅ ገንዳ ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ የዝቃጭ ንብርብር አለ፤ በዚያ የሚኖሩት ተሐዋስያን አየር አይፈልጉም። ፍሳሹ በመካከላቸው ሲያልፍ የሚበላውን ይበላሉ፣ በምላሹም ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ። የሚነድ ጋዝ ነው፤ ቢያዝ ኃይል ይሆናል፣ ቢለቀቅ የአየር ንብረት ያሞቃል። የቀረውን የሚጨርሱት ሁለተኛዎቹ አየር ወዳዶች ናቸው። ፍሳሹ በሻካራ መደብ ላይ እየተረጨ ወደ ታች ሲንጠባጠብ፣ መደቡ ላይ የተለጠፈው ሙጫ የመሰለ ሕያው ሽፋን ያጣራዋል። ከዚያ ይዘቅጥና ይወጣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ተሐዋስያኑ በሕይወት እስካሉ ነው። ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣ ክሮሚየም፣ ከጋራዥ የሚደፋ የተቃጠለ ዘይት፣ ከማቅለሚያ ቤት የሚለቀቅ ኬሚካል ወይ ይገድላቸዋል ወይ ሳይነኩት ያልፋል። ብረት አይበሰብስምና። ስለዚህ የፋብሪካ ፍሳሽ እዚያው ፋብሪካው ግቢ መጣራት አለበት፤ ከተማ አቀፍ ማጣሪያ የሰው ፍሳሽ እንጂ የኬሚካል ማጠቢያ ሊሆን አይችልም።

የሚተርፈው ዝቃጭ ይደርቃል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስላለው ለአፈር መልካም ነው፤ የወስፋት እንቁላል ግን ወራት የሚታገሥ ፍጡር ስለሆነ በደንብ ሳይደርቅና ሳይቆይ ማሳ ላይ መጣል የለበትም።

ሰላጣው

የአቃቂን ወንዞች ተከትሎ ከመካኒሳ አካባቢ እስከ አቃቂ ድረስ አትክልት ይለማል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት። ገበሬው ውሃውን የሚወደው ዓመቱን ሙሉ ስለማይደርቅ ነው፤ የማይደርቀው ደግሞ ከላይ እኛ ስለምንለቀው ነው። ለም የሆነውም በዚያው ምክንያት ነው፤ ማዳበሪያው ውስጡ አለ። ብዙ ቤተሰብ ከዚህ ይኖራል፣ ከተማውም ትኩስ ቅጠሉን በቅርብ ያገኛል። ጎመን ይቀቀላል፤ ጀርሙ ይሞታል። ሰላጣ ግን ጥሬውን ይበላል፤ በተቀዳበት ወንዝ ታጥቦ ገበያ ከወጣ የታጠበው እንዲያምር እንጂ እንዲጸዳ አይደለም። በእነዚህ ማሳዎች አፈርና ቅጠል ላይ ከባድ ብረቶች እንደሚገኙም በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ እነሱን እሳትም አያስወግዳቸውም።

በባሕር ዳርቻ ያለ ወንዝ ቆሻሻን ቶሎ ያጣራል ቢባል፣ የእኛ ወንዞች ያን ያህል አይችሉም። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በባሕር ወለል፣ በተመሳሳይ ሙቀት፣ ከሚሟሟው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ወንዙ ይጠቁራል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል።

ሁለቱ አቃቂዎች የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ላይ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ ለከተማዋ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫ ነበር። በ1960ዎቹ ሥራ አቆመ፤ ደለል ሞላው፣ ከከተማ የወረደው ምግብ ያበለጸገው እምቦጭም አለበሰው። በ2009 በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋዋት ማመንጨት ጀምሯል። ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ላይ ደግሞ ከተሞችና ሰፋፊ እርሻዎች አሉ። የአዲስ አበባ ሽንት ቤት የሚያልቀው አፋር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው

ለወደፊቱ የተያዙት ትልልቅ የውሃ ዕቅዶች፣ ገርቢና ሲቢሉ፣ ከእንጦጦ ማዶ ናቸው። እንጦጦ ውሃ ወደ ሁለት የሚለያይበት ተራራ ነው፤ ወደ ሰሜን የሚወርደው ወደ ሙገር ከዚያም ወደ ዓባይ፣ ወደ ደቡብ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ስለዚህ ግድቦቹ ሲሠሩ የዓባይ ተፋሰስ ውሃ ተራራ ተሻግሮ ይመጣና ፍሳሽ ሆኖ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አቃቂ በተፈጥሮው ያልነበረውን ውሃ ይሸከማል። ገፈርሳም፣ ለገዳዲም፣ ድሬም፣ ገርቢም ያሉት በኦሮሚያ መሬት ነው፤ ፍሳሹ የሚወርድባቸውም ከከተማዋ ወሰን ውጪ ናቸው። ግድቡ ሲታሰብ አጠገቡ ያለው ገበሬ ቦኖ አለው ወይ፣ ከታች ያለውስ የሚደርሰው ምን ዓይነት ውሃ ነው ብሎ መጠየቅ የቸርነት ጉዳይ አይደለም፤ ሳይጠየቅ ሲቀር ፕሮጀክቱ ራሱ ይቆማል።

አንድ ብር ቢኖረኝ የት አውለው ነበር ብትሉኝ፣ ግማሹን ፍንጥቅ ቱቦ ላይ፣ ግማሹን ፍሳሽ መሥመር ላይ ነው። ከፍንጥቅ የዳነ ውሃ አዲስ ግድብ አይፈልግም፣ አዲስ ፓምፕም አይፈልግም። ታሪፉም መታየት አለበት። የውሃ ዋጋ ብዙ ለሚጠቀም እየጨመረ የሚሄድ መሆኑ ፍትሐዊ ይመስላል፤ በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ ሲጋራ ግን ድሆቹ በሀብታም ዋጋ ይከፍላሉ። ቆጣሪ መነጣጠል ከታሪፍ ማሻሻያ ቢቀድም እመርጣለሁ።

የተጣራ ፍሳሽን ደግሞ መልሶ መጠቀም እንግዳ ነገር አይደለም። የናሚቢያዋ ዊንድሁክ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ፍሳሽ አጣርታ ለመጠጥ ታውላለች። እኛ እዚያ ለመድረስ አንቸኩል፤ ለሲሚንቶ ማቡኪያ፣ ለአስፋልት ሥራ፣ ለአዳዲሶቹ መናፈሻዎች ማጠጫ የመጠጥ ውሃ ከአቃቂ 400 ሜትር ሽቅብ እየገፉ ማቅረብ ግን አሁኑኑ ሊቆም የሚችል ብክነት ነው።

ቤት ለሚሠራ ሰው ጥቂት ነገር። መሠረት ከመውጣቱ በፊት የፍሳሽ ዋናው መሥመር የት እንዳለና ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው ጠይቁ፤ የግቢያችሁ መውጫ ከዚያ ከፍ ካላለ ሽንት ቤቱ መቼም አይፈስም፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ወለል መስበር ነው። አሸንዳውን ለብቻው ወደ ጎርፍ ቦይ ወይም ወደ ማጠራቀሚያ አውጡት። ጉድጓድ ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ከተቻለም ወደ ታች ባለው በኩል ይሁን። ሴፕቲክ ታንኩ ላይ መኪናው የሚደርስበት፣ የሚከፈት ክዳን ተዉለት፤ ሴራሚክ አንጥፎበት ክዳኑ የት እንደ ነበር የጠፋበት ሰው ብዙ ነው።